የመኪና በርና ኮፈን በራስ እጅ መቀባት፦ ስለ ስፕሬይ ገን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በር፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን ወይም ፓራውልት ራሳቸው መቀባት የሚፈልጉ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሙሉ መኪና ስለመቀባት አይደለም። እሱ ሌላ ቦታና ሌላ አቅም ይጠይቃል። እዚህ የምናወራው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነቅሎ፣ ካልሆነም እዚያው መኪናው ላይ ዙሪያውን ሸፍኖ ስለመቀባት ነው።

ልምድ የለኝም። እቤቴ ሆኜ የሚረባ ሥራ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ግን ሥራው የቱ ጋ እንዳለ ከአሁኑ እንወቅ። ብዙ ሰው ስፕሬይ ገን ይገዛና ስለ አረጫጨት ብቻ ይጨነቃል። ጊዜው የሚያልቀው ግን በማጠብ፣ በማሸት፣ በመሸፈንና እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው። መርጨቱ ራሱ ለአንድ በር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ቤዝ የሚባለው ዋናው ቀለም ሲደርቅ ውፍረቱ ከ15 እስከ 20 ማይክሮን አካባቢ ነው። ከላዩ የሚመጣው ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው አብረቅራቂ ሽፋን፣ ደግሞ 50 ወይም 60 ማይክሮን ገደማ። ሁለቱ ተደምረው 0.1 ሚሊ ሜትር አይሞሉም። ይህን ያህል የሳሳ ነገር ከሥሩ ያለውን ጭረት አይደብቅም። እንዲያውም ክሊሩ ማብረቅረቅ ሲጀምር ጭረቱ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ማሸት የሚሰለቸው ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል። ለዚያ ትዕግሥት ያለው ሰው ግን እጁ ገና ባይፈታም ደህና ሥራ ያወጣል፤ አረጫጨት ላይ የሚፈጠረውን ስህተት አብዛኛውን በኋላ ማቃናት ይቻላልና።

በምን ልለማመድ?

ከአሮጌ መኪና የተነቀለ በር ወይም ኮፈን ፈልጉ። ጭርምት ያለበት ቢሆን እሰየው፤ ስርጉድ የሚሞላበትን ስቱኮም ትለማመዱበታላችሁ። ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ስፕሬይ ገኑ ውስጥ ውኃ ጨምራችሁ ካርቶን ላይ እርጩ። የእጅ ፍጥነት፣ ርቀትና መደራረብ እንዲህ በነጻ ይለመዳል። ስትጨርሱ ገኑን በአየር አድርቁትና ትንሽ ቲነር አሳልፉበት። ውስጡ የቀረ ውኃ ነገ ቀለማችሁን ያበላሻል።

ልምምዱ ጠረጴዛ ላይ ብቻ እንዳይሆን። የተኛ ኮፈን ላይ ቀለም ቶሎ አይፈስም፤ እውነተኛው ፈተና ቆሞ የሚቀባ በር ነው።

የቀለሙም ዓይነት ለውጥ አለው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያልተቀላቀለበት ነጭ ለጀማሪ ይቅር ባይ ነው። ጥቁር እያንዳንዱን ጭረትና ጉብታ ያሳጣል። ብርማና ፈካ ያለ ሜታሊክ ደግሞ ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ብናኝ እኩል ካልተኛ ቡራቡሬ ይሆናል። በሦስት ደረጃ የሚረጨውን ዕንቁማ ነጭ ለመጀመሪያ ሥራ አትንኩት።

ለጤና ምን ያህል ያሰጋል? ተራ ማስክ አይበቃም?

አይበቃም። ይህቺን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ልመልሳት፤ ከሁሉም በላይ የሚታለፈው ይሄ ነው።

ዛሬ የመኪና ክሊር የሚባለው አብዛኛው ሁለት አካል ያለው ነው። አንዱ ክሊሩ ራሱ፣ ሌላው የሚያጠነክረው ሃርድነር። ከቀለሙ በፊት የሚረጩት መሙያ ፕራይመሮችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል አስም ያስይዛል። ክፉነቱ ደግሞ ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ከባድ የትንፋሽ ችግር ሊያስነሳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሙያቸውን የተዉ ቀለም ቀቢዎች አሉ።

ሁለተኛው ክፋቱ ጠረኑ አያስጠነቅቅም። ጎጂ መጠን አየር ላይ እያለ ምንም ላይሸታችሁ ይችላል። ስለዚህ «ካልሸተተኝ ፊልተሩ እየሠራ ነው» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም። የአቧራ ማስክማ ጭራሽ ጉዳዩ አይደለም። የከሰል ፊልተር ያለው ማስክ የቲነርና የቤዝን ትነት ይይዛል፤ አይሶሳያኔት ያለበትን ሲረጩ ግን የሚመከረው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ የመተንፈሻ መሣሪያ ነው። አየሩም ለመተንፈስ የተጣራ መሆን አለበት። ከተራ ኮምፕሬሰር በቀጥታ የሚመጣ አየር ዘይትና ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል።

ቆዳና ዓይንም አይረሱ። የናይትራይል ጓንት፣ ሙሉ ቱታ፣ የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። ፊት ላይ የሚጠብቅ ማስክ ከጺም ጋር አይስማማም፤ በጺሙ መሀል አየር ይገባል። መርጨት እንደቆመ ማስኩን ማውለቅም ስህተት ነው፤ ዓይን የማያየው ጉም ቤቱ ውስጥ ይቆያል። ጋራዡ ከመኖሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ጉሙ ወደ ልጆች መኝታ እንደሚሄድ አስቡ።

«የእኔ ቤዝ ውኃ ወለድ ነው» የሚሉ አሉ። ጥሩ፣ ግን ከላዩ የሚረጩት ክሊር ብዙውን ጊዜ ያው ሃርድነር ያለው ነው።

የእኔ ምክር ይሄ ነው። የአየር መሣሪያው ከሌላችሁ ማጠቡን፣ ስቱኮውን፣ ማሸቱን ራሳችሁ ሥሩና ሃርድነር ያለበትን ሁሉ፣ ፕራይመሩንም ክሊሩንም፣ ለቀለም ቤት ስጡ። ብዙ ቀለም ቤቶች ተሰናድቶ የመጣ በር ይቀበላሉ። የሥራውን ትልቁን ድርሻ ያኔም እናንተው ሠርታችሁታል።

ስለ እሳትስ?

የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ተስቦ ጥግ ያለ የጋዝ ማሞቂያ ነበልባል ጋ ሊደርስ ይችላል። ማቀዝቀዣ፣ ተራ ማራገቢያ፣ የመብራት ማብሪያ ሳይቀር ብልጭታ አላቸው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ከውጭ ይቀመጥ። ነበልባል ያለው ነገር ሁሉ ይጥፋ። ለመርጨት ያልተሠራ ማራገቢያ ትነቱ መሀል አትትከሉ። እሳት ማጥፊያው እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ኮምፕሬሰሬ ይበቃል?

የፈረስ ጉልበቱንና የታንኩን ትልቅነት አይታችሁ አትወስኑ። የሚጠቅማችሁ ቁጥር በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚሰጥ ነው። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ዕቃው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሚስበው አየር ነው፤ የሚሰጠው ከዚያ በደንብ ያንሳል።

ሙሉ መጠን ያለው ኤችቪኤልፒ (ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀም) ገን በደቂቃ ከ280 እስከ 400 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ለቤት የሚሸጡት ባለ 50 ሊትር ኮምፕሬሰሮች አብዛኞቹ ይህን ያህል አይሰጡም። ውጤቱ ምን ይሆናል? በሩን አጋምሳችሁ ግፊቱ ይወርዳል። ቀለሙ መድቀቁን ትቶ በትላልቅ ጠብታ ይወጣል። ያኔ ጥፋቱ የእጃችሁ ይመስላችኋል።

መፍትሔው የግድ ትልቅ ኮምፕሬሰር አይደለም። ትንሽ አየር የሚፈልግ ገን ወይም ሚኒ ገን ለአንድ ፓራፋንጎ በቂ ነው። አየር የሚያስተላልፈውን ጎማም እዩት፤ ቀጭን ጎማ መንገድ ላይ ግፊት ይበላል። የውስጡ ስፋት 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ግፊቱን የምታነቡት ደግሞ ገኑ እጀታ ላይ በተገጠመ ጌጅ፣ ቃታውን ስባችሁ አየሩ እየወጣ እያለ ነው። ቃታው ሳይሳብ የምታዩት ቁጥር ይዋሻል።

አየር ሲታመቅ ውኃ ያወጣል። የውኃ መለያ ሳትገጥሙ፣ ታንኩንም ሳታፈስሱ አትጀምሩ።

የትኛውን ስፕሬይ ገን ልግዛ?

ቀለም መያዣው ከላይ የሆነውን። ለቤዝና ለክሊር 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ኖዝል (የቀለም መውጫ ቀዳዳ)፣ ለወፍራሙ መሙያ ፕራይመር 1.7 ወይም 1.8 አካባቢ። ሁለት ገን መያዝ ይመከራል። ለፕራይመሩ ርካሹ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለክሊሩ አውሉት።

ኤችቪኤልፒ የሚባለው ዓይነት ከኖዝሉ ፊት የሚወጣው አየር ግፊት ከ0.7 ባር እንዳያልፍ ሆኖ የተሠራ ነው። ከሚረጨው ቀለም ቢያንስ 65 በመቶው ዕቃው ላይ እንዲያርፍ ታስቦ ነው። በድሮው ባለ ከፍተኛ ግፊት ገን አብዛኛው ቀለም አየር ላይ ይቀራል።

ገኑ ላይ ሦስት ማስተካከያ አለ። አንዱ የቀለሙን መጠን፣ አንዱ የመርጫውን ስፋት፣ አንዱ አየሩን ይቆጣጠራል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ላይ ለቅጽበት እርጩና ቅርጹን አንብቡ። ረዘም ያለ፣ ዳርና ዳሩ የሳሳ እንቁላል ቅርጽ ጥሩ ነው። መሀሉ ከወፈረ አየሩ አንሷል ወይም ቀለሙ ወፍሯል። መሀሉ ሳስቶ ሁለት ጫፉ ከወፈረ አየሩ በዝቷል። ወደ አንድ ጎን ከተቀለሰ ከፊት ካሉት የአየር ቀዳዳዎች አንዱ ተደፍኗል። ይህ የግማሽ ደቂቃ ፈተና ስንት ሰዓት እንደሚያተርፍ አትጠይቁኝ።

የትኛውን ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መቼ ልጠቀም?

ሁልጊዜ ከማሸት በፊት ማጠብ ይቀድማል። በሳሙናና በውኃ፣ ከዚያ ቅባትና ሰም በሚያነሳ ፈሳሽ። ሰም ያለበትን ዕቃ ካሻችሁት ሰሙን ወደ ጭረቱ ትከቱታላችሁ። ፈሳሹን በአንድ ጨርቅ ቀብታችሁ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሱት። በአንድ ጨርቅ ብቻ ካሻችሁ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው።

ስቱኮውን ለመቅረጽ 80 ትጀምራላችሁ፤ 180ን አልፋችሁ 240 ላይ ትጨርሳላችሁ። የአሮጌው ቀለም ጠርዝ በ180፣ ከዚያ በ320 እየሳሳ ይሄዳል። ጣታችሁን ስታሳልፉበት ደረጃ ከተሰማችሁ ገና ነው። መሙያ ፕራይመሩ ሲደርቅ በደረቁ 400 ወይም 500፣ በውኃ ከሆነ 600 ወይም 800። ለሜታሊክ ደቀቅ ያለውን ምረጡ። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው በጣም አትዝለሉ፤ የ80 ጭረት በ400 አይጠፋም፣ ይደበቃል እንጂ። ከሳምንታት በኋላ ቀለሙ ሲሰበሰብ ተመልሶ ይታያል።

ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ወረቀቱን በጣት ይዛችሁ አትሹ። ብሎክ፣ ማለትም ወረቀቱ የሚጠቀለልበት ጠፍጣፋ መያዣ፣ ተጠቀሙ። ጣት ቦይ ቦይ ያወጣል።

አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ ከላዩ ጥቁር ዱቄት ወይም የሳሳ ጥቁር ቀለም ብን አድርጉበት። ከዚያ በብሎክ እሹት። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ቶሎ ብረት የወጣበት ቦታ ጉብታ ነው። ዓይን የማይለየውን ይሄ ይለያል።

አሮጌውን ቀለም እስከ ብረቱ ማንሳት አለብኝ?

ካልተላጠ፣ ካልተሰነጠቀና ከሥሩ ዝገት ከሌለ አያስፈልግም። የፋብሪካ ቀለም በደንብ የያዘ ከሆነ ከእናንተ ፕራይመር የተሻለ መሠረት ነው።

ከዚህ በፊት በማይታወቅ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ጨርቅ ላይ ቲነር አድርጋችሁ አንድ ጥግ እሹ። ቀለሙ ከለሰለሰና ጨርቁን ካቀለመ ሃርድነር የሌለው ቀለም ነው። በላዩ አዲሱን ስትረጩ ሊኮማተር ይችላል። ያንን ማንሳት ይሻላል። በጣም አሮጌ መኪና ከሆነ ደግሞ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አሽታችሁ አቧራውን አትተንፍሱ።

ብረት የወጣበት ቦታ ሁሉ ኢፖክሲ ፕራይመር ይፈልጋል። ዝገት ካለ መጀመሪያ ዝገቱ ሙሉ በሙሉ ይወገድ። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዕድሜው አጭር ነው።

ስቱኮ ምን ያህል ማድረግ ይቻላል?

ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ስርጉዱን መጀመሪያ አውጡት፤ ካልቻላችሁ ባትላሜራ ያውጣው። በወፍራሙ የተለጠፈ ስቱኮ ይሰነጠቃል።

ስቱኮው ውስጥ የሚጨመረው ማድረቂያ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብላችሁ አብዝታችሁ ከጨመራችሁ ትርፉ ከሥር ወጥቶ ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ደግሞም ስቱኮን በውኃ አትሹ። ውኃ ይመጥጣል፤ ያ ውኃ ቆይቶ ዝገትና እብጠት ሆኖ ይመለሳል።

የፕላስቲክ ፓራውልት በምን ይለያል?

ቀለም አይይዝም፤ ዋናው ችግር ይሄ ነው። ብዙዎቹ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው። ከጀርባቸው ፒፒ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ፕላስቲኩ የተራቆተበት ቦታ ላይ የማጣበቂያ ፕራይመር ካልገባ ቀለሙ በመጀመሪያው የጠጠር ምት እንደ ልጣጭ ይነሳል። ግራጫ መፈግፈጊያ ከሳሙና ጋር ተጠቅማችሁ ኩርባና ጥጉን ሁሉ ፈግፍጉ፤ መላጥ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከጥግ ነው።

ሌላም አለ። አዳዲስ መኪኖች ከፓራውልቱ ጀርባ ራዳር አላቸው። የቀለምና የስቱኮ ውፍረት የራዳሩን ሥራ ሊያውክ ስለሚችል አምራቾች እዚያ አካባቢ ገደብ ያስቀምጣሉ። የመኪናችሁን መመሪያ ሳታዩ አትቀቡት።

የቀለም ኮዱን ሰጥቼ አስበጠበጥኩ። ለምን አልገጠመም?

ኮዱ መነሻ ነው። የአንድ ኮድ ቀለም እንኳ እንደተመረተበት ጊዜና ፋብሪካ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። መኪናችሁ ላይ ያለውን ቀለም ደግሞ ለዓመታት ፀሐይ መትቶታል። አረጫጨታችሁም ይጨመርበታል። ሜታሊክ እርጥብ ሆኖ ሲረጭ ይጠቁራል፤ ደረቅ ሆኖ ሲረጭ ይፈካል።

ስለዚህ መጀመሪያ ካርድ ላይ እርጩ። ክሊሩንም ጨምሩበት፣ ያለ ክሊር ማነጻጸር አይቻልም። ሲደርቅ ከመኪናው ጋር አስጠግታችሁ በቀን ብርሃን ከፊት ለፊትም ከጎንም እዩት።

ባለሙያዎች ሜታሊክን ሲቀቡ ቀለሙን ወደ አጠገቡ ክፍል እያሳሱ ያስገባሉ። ለምሳሌ ፓራፋንጎው ሲቀባ ቀለሙ በሩ ላይ ትንሽ ገብቶ ይጠፋል፤ ክሊሩ ግን ሙሉ በሩ ላይ ይረጫል። ዓይን ድንገተኛ ለውጥን እንጂ ቀስ ያለን አይለይም። ክሊሩን በሩ መሀል ላይ ለማቆም አትሞክሩ፤ ጠርዙ ውሎ አድሮ ይላጣል።

ነቅላችሁ የምትቀቡ ከሆነ ክፍሉን መኪናው ላይ በሚቆምበት አቋም ስቀሉት። ሜታሊክ ተኝቶና ቆሞ ሲረጭ አንድ አይመስልም።

እጄን እንዴት ላንቀሳቅስ?

ገኑ ከዕቃው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ሁልጊዜም ዕቃውን ቀጥ ብሎ ይይ። የጀማሪ ሁሉ ልማድ የእጅ አንጓን ማጠፍ ነው። ያኔ መሀሉ ይወፍራል፣ ጫፉ ይሳሳል። ከትከሻ ተንቀሳቀሱ፤ እግራችሁም አብሮ ይሂድ። ረጅም በር ላይ ቆማችሁ መቀባት አትችሉም፤ መራመድ አለባችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ያለ ቀለም ከጫፍ ጫፍ ሄዳችሁ ጎማው የሚደነቀፍበትን ቦታ አረጋግጡ።

ቃታውን ከዕቃው ጠርዝ ውጭ ሳላችሁ ሳቡ፤ ጠርዙን ካለፋችሁ በኋላ ልቀቁ። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ቢያንስ በግማሽ ይደርብ። ለክሊር እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ማስኬድ ይቻላል። መጀመሪያ ጠርዞቹን፣ ከዚያ ሰፊውን ቦታ።

ቤዝ ሁለት ወይም ሦስት ሳሳ ያለ እጅ ይበቃዋል። የታችኛው ቀለም እስኪሸፈን ነው፤ እስኪያብረቀርቅ አትጠብቁ፤ ማብረቅረቁ የክሊሩ ሥራ ነው። በየእጁ መካከል ድምቀቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ለሜታሊክ መጨረሻ ላይ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቀለል ያለ እጅ ስታሳልፉበት ብናኙ እኩል ይተኛል።

ክሊር ሁለት እጅ። የመጀመሪያው መካከለኛ፣ ሁለተኛው እርጥብ ያለ። መብራት በአግድም አስቀምጡና ዓይናችሁ ገኑ ላይ ሳይሆን የብርሃኑ ነጸብራቅ ላይ ይሁን። ፊቱ እየተዘረጋ፣ እየረጠበ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ፍጥነታችሁን እሱ ይንገራችሁ።

የመቀላቀያው ልክ፣ በየእጁ መካከል ያለው ጊዜ፣ ክሊሩ ከቤዙ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት መረጨት እንዳለበት፣ ይሄ ሁሉ ከምርቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ። አንዱ ክሊር 2 ለ1 ይቀላቀላል፣ ሌላው 4 ለ1። በዓይን ግምት አይሆንም። የአንዱን ኩባንያ ሃርድነር ከሌላው ክሊር ጋርም አታጋቡ።

ሙቀትና እርጥበት ለውጥ አለው?

ብዙ። አብዛኛው ምርት የሚለካው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሲሞቅ ዘገምተኛ ሃርድነርና ቲነር፣ ሲቀዘቅዝ ፈጣኑን ትመርጣላችሁ። የአየሩ ብቻ ሳይሆን የብረቱ ሙቀትም ይታይ። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ኮፈን ረፋድ ላይም ቀዝቃዛ ነው፤ ጤዛ ከሚያበጅበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ፀሐይ የመታው ብረት ላይ ደግሞ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል።

ፈሰሰብኝ። አሁን ምን ላድርግ?

ምንም። እጃችሁን ሰብስቡ። እርጥብ ሳለ በጨርቅ ወይም በጣት የነካችሁት ፍሳሽ አንድ የነበረው ሦስት ይሆናል። ክሊር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ከቀናት በኋላ ጉብታውን ብቻ በምላጭ ወይም በትንሽ ብሎክ በተጠቀለለ 1500 ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ከዚያ በ2000 በውኃ፣ ከዚያ ፖሊሽ። ቤዝ ላይ ከሆነ ይድረቅ፣ በ800 አስተካክሉት፣ ቤዙን ድገሙት፣ ክሊሩ ቀጥሎ።

ገጹ የብርቱካን ልጣጭ መሰለ፣ ወይም ትናንሽ ክብ ጉድጓድ አወጣ። ለምን?

ሁለቱ አይገናኙም። የመጀመሪያው የአረጫጨት ነው። ግፊት ማነስ፣ የወፈረ ቀለም፣ ርቀት መብዛት ወይም ለሙቀቱ የፈጠነ ቲነር። ክሊሩ ሲደርቅ በ1500 እና በ2000 አሽቶ በፖሊሽ ማስተካከል ይቻላል፤ ጠርዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ እዚያ ክሊሩ የሳሳ ነው።

ክብ ጉድጓዶቹ የቆሻሻ ናቸው፤ በአብዛኛው ሲሊኮን። የጎማ ማብረቅረቂያ፣ የዳሽቦርድ ቅባት፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ። እነዚህ በምትቀቡበት ቤት ውስጥ ጭራሽ አይከፈቱ። አንዴ ከወጣ በላዩ ክሊር መድፋት አያድንም። ማድረቅ፣ ማሸት፣ እንደገና ማጽዳት ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ክሊሩ ላይ ከተበተነ ቸኩላችኋል። በወፍራሙ ደራርባችሁ ቲነሩ መውጫ አጥቶ ፈንድቷል።

አቧራና ትንኝስ?

ወለሉን አርጥቡት። ጣሪያውን ከአንድ ቀን በፊት ጥረጉት። ልብሳችሁም የአቧራ ምንጭ ነው፤ ቱታው ለዚህም ይጠቅማል። ከመርጨት በፊት ቀለሙን በማጣሪያ አሳልፉት፣ ዕቃውን አቧራ በሚይዘው ተለጣፊ ጨርቅ ሳትጫኑ አብሱት። ትንኝ ከገባ ተዉት። ሲደርቅ በአሸታና በፖሊሽ ይወጣል፤ እግሯን ለማንሳት ስትታገሉ የምታበላሹት ይበልጣል።

መቼ ማጠብ፣ መቼ ሰም መቀባት ይቻላል?

የቀለም ቤት ምድጃ በ60 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚያደርቀውን እቤት ውስጥ ጊዜ ነው የሚያደርቀው። በማግስቱ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። ሳምንት ያህል ከማጠብ ታገሡ፣ ሰም ለመቀባት ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ወር። ማስኪንግ ቴፑን ግን አታቆዩት፤ ክሊሩ ጠጥሮ ሳይሰበር፣ ወደ ኋላ በማጠፍ ቀስ ብላችሁ አንሱት።

የተረፈውን ቀለምና ቲነር ምን ላድርገው?

ገኑን ወዲያው እጠቡ። ሃርድነር ያለበት ቀለም ውስጡ ከደረቀ ገኑ አለቀ። ኖዝሉን፣ መርፌውንና የፊቱን ክዳን ፍቱና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ትንሽ ከሰፉ የመርጫው ቅርጽ አይስተካከልም። ገኑን እንዳለ ቲነር ውስጥ ማሳደርም ማሸጊያዎቹን ይጨርሳል።

የታጠበበትን ቲነር ወደ ፍሳሽ መስመር ወይም መሬት ላይ አትድፉ። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አስቀምጡት። ዝቃጩ ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ጥሩ ቲነር ለሚቀጥለው እጥበት ይሆናል። ዝቃጩ ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይሄዳል።

ከሃርድነር ጋር የተቀላቀለ ክሊር አይቀመጥም፤ ጽዋው ውስጥ ይጠጥራል። ስለዚህ ለአንዱ ክፍል የሚበቃውን ብቻ ቀላቅሉ። ያልተቀላቀለውን ክዳኑን አጥብቃችሁ አኑሩት። ሃርድነር አንዴ ከተከፈተ የአየር እርጥበት ያበላሸዋል። ከደፈረሰ ወይም ከረጋ አትጠቀሙበት።